የጋሽ አሸብር ደቦ

ጋሽ አሸብር አፈር ይቀምሳል።

ሲነግሩኝ ቀልድ መስሎኝ ነበር። ቶር ፒኛታራ በሚባለው የሮም ሰፈር፣ እኔ ተከራይቼ የምኖርበት ሕንፃ ምድር ቤት ውስጥ የሚኖር፣ የሦስት ሕንፃ ደረጃ እያጸዳ የሚተዳደር የሃምሳ ሦስት ዓመት ሰው ነው። አንድ ማለዳ ከአኒየኔ ወንዝ ዳር በፌስታል ይዞት ከመጣው አፈር በሁለት ጣቱ ቆንጠር አደረገና አፉ ውስጥ ከተተው። ዓይኑን ጨፍኖ በፊት ጥርሶቹ አላመጠው።

“አሸዋ ይበዛዋል” አለኝ ተፍቶ። “ጥርስ ላይ ሲንኮሻኮሽ ይሰማሻል። ለግድግዳ የሚሆን አፈር ዝም ነው የሚለው። እንኪ፣ ቅመሺ!”

ቀመስኩት። አራት ዓመት ስመላለስበት የኖርኩት የሮም መሬት ጣዕም ይኖረዋል ብዬ አስቤ አላውቅም ነበር። ዝናብ ዝናብ፣ ትንሽም ብረት ብረት ይላል።

ጭቃ የአባቱ ሥራ ነው። “ጉለሌ ውስጥ አባቴ ያልመረጉት ቤት አልነበረም” ይላል። እሱም ከአገር እስኪወጣ ድረስ የኖረው ጭቃ እያቦካ፣ ግድግዳ እየመረገ፣ ስንጥቅ እየለሰነ ነው። ሮም ሲገባ ግን ይህን ለማንም አልተናገረም። “ሥራህ ምን ነበር?” ሲሉት “ግንበኛ” ይላል። ግንበኛ ድንጋይና ሲሚንቶ አለው፤ ያስከብራል። ፖንቴ ማሞሎ የነበረው በላሜራና በጣውላ የተሠራ የስደተኛ ሰፈር በፈረንጆቹ 2015 እስኪፈርስ ድረስ እዚያ ሲኖር፣ የጎጆውን ውስጥ በጭቃ መርጎት ነበር። ብርድ ሲመጣ የምትሞቀው የእሱ ጎጆ ብቻ ነበረች። እሱ ግን ሰው ሲመጣበት በሩን ገርበብ አድርጎ፣ ውጭ ቆሞ ነበር የሚያነጋግረው። ሮም ድረስ መጥቶ ጭቃ ቤት ሠራ እንዳይሉት።

እንዲህ የሸሸውን ሥራ፣ ሥራው ራሱ ፈልጎ አገኘው።

ከፖንቴ ማሞሎ ጣቢያ ወረድ ብሎ፣ ወንዙ አጠገብ፣ ጎረቤቶች በማኅበር ተሰባስበው አትክልት የሚያለሙበት ቦታ አለ። እዚያ ለልጆች መማሪያ የምትሆን አንዲት ክፍል መሥራት ፈለጉ። ሲሚንቶ እንዳይነካት፣ ከአካባቢው በሚገኝ ነገር ብቻ እንድትቆም ተስማሙ። አፈሩ ከግቢው ተቆፈረ፣ ሸምበቆው ከወንዙ ዳር ታጨደ፣ ገለባው ከተማዋ ጫፍ ላይ ከሚያርስ ገበሬ መጣ፣ ቋሚውም ከሮም በላይ ካሉት ኮረብታዎች ተቆረጠ። ጣሊያኖቹ ቴራ ክሩዳ ይሉታል፤ ጥሬ አፈር እንደማለት ነው። መጽሐፍ እያነበቡ የሞከሩት የመጀመሪያ ግድግዳ ግን በሳምንቱ ተሰነጣጥቆ ወረደ። ከማኅበርተኞቹ አንዷ የእኛ ሕንፃ ነዋሪ ናት። ደረጃ ላይ ቆማ ስታማርር ጋሽ አሸብር መጥረጊያውን እንደያዘ ሰማት።

“ጭቃውን ስንት ቀን አቦካችሁት?” አላት።

“ስንት ቀን?” አለች ሴትዮዋ። “አንድ ሰዓት ነዋ።”

ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ከላይ እየወረድኩ ነበርና፣ ጋሽ አሸብር ሲስቅ ለመጀመሪያ ጊዜ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በሁለት ሳምንት ውስጥ ከማኅበሩ ጋር የአራት ወር ኮንትራት ፈረመ። ይህ ወረቀት ለእሱ የእለት ጉርስ ብቻ አልነበረም። ፔርሜሶው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ሊያበቃ ነበር። ደረጃ የሚያጸዳው ያለ ውል ስለሆነ፣ ሰኔ ላይ ለነበረው ቀጠሮ የሚያቀርበው የሥራ ውል ካላገኘ ወረቀቱ አይታደስለትም። “ይቺን ኮንትራት ካጣኋት አለቀልኝ” ይለኝ ነበር፤ በየቀኑ አጣጥፎ የሚዘረጋት ስለነበር መታጠፊያዋ አልቆ ነበር።

ግንባታውን የሚቆጣጠረው ጂኦሜትራ፣ ነጭ ጺም ያለው ረጋ ያለ ሰው፣ በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር ብቻ አስጠነቀቀው። ዝርዝሩ ላይ ስሙ ያልሰፈረ፣ ኢንሹራንስ የሌለው ሠራተኛ ግቢው ውስጥ ከተገኘ ውሉ ይፈርሳል። ጋሽ አሸብር “ቫ ቤኔ” አለ፣ እሺ እንደማለት። ከልቡ ነው ያለው። ሠራተኛ የማምጣት ሐሳብ አልነበረውም።

ጭቃው ስምንት ቀን ቦካ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ያጠጣዋል፣ ገለባ ይነሰንስበታል፣ ይረግጠዋል፣ በላስቲክ ይሸፍነዋል። በስድስተኛው ቀን ወስዶ አሳየኝ። አፈር እንደ ሊጥ ይኮመጥጣል ብሎ ማን ነግሮኝ ያውቃል! ገለባው ለስልሶ ክር ክር ብሏል። እጄን እስከ ክንዴ ከተትኩት፤ ውስጡ ለብ ያለ ነበር፤ የሚተነፍስ ነገር የነካሁ መሰለኝ።

“ቅዳሜ ይመረጋል” አለ። “አንድ ፊት ግድግዳ ጀምረሽ አታሳድሪውም። ያደረው ካላደረው ጋር አይያያዝም፣ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል። ሰው እጠራለሁ።”

ያን ጊዜ አንድ ነገር ማለት ነበረብኝ። አልታየኝም። ምርጊት በአገሩ በደቦ ነው። ጎረቤት ይጠራል፣ ጭቃው ይረገጣል፣ ይዘፈናል፣ ይበላል፤ ሁሉም እጁን ታጥቦ ወደቤቱ ይሄዳል። ሌላ ቀን ሲጠሩት ደግሞ ጠሪው በተራው ሄዶ ይሠራል። ይህን ሠራተኛ መቅጠር ብሎ የሚጠራው የለም። ጂኦሜትራው የተናገረው ስለ ሠራተኛ ነው፤ ጋሽ አሸብር የጠራው ወገኖቹን ነው። ሁለቱ ነገሮች በአእምሮው ውስጥ አንድ ቦታ ተገናኝተው አያውቁም።

ሰባት ሆነን ሄድን። እትዬ አበራሽ ነበሩ፤ ሃያ አራት ዓመት የጣሊያን አሮጊቶችን ሲያስታምሙ የኖሩ፣ ጣሊያንኛቸው ከሮም ተወላጅ የማይለይ የስልሳ ሁለት ዓመት ሴት። ዘመንፈስቅዱስ ነበር፤ በብስክሌት ምግብ የሚያደርስ፣ አፉ የማያርፍ ጎልማሳ። ሲኒት ነበረች፤ ከመጣች ዓመት ያልሞላት፣ በስደተኞች መቀበያ ሴንትሮ የምትኖር፣ የጥገኝነት ጥያቄዋ የሚሰማበትን የኮሚሲዮኔ ቀጠሮ የምትጠብቅ። ሌሎቹ ሦስቱ ከቤተ ክርስቲያን የምናውቃቸው ናቸው። ሰባተኛዋ እኔ።

ጫማችንን አወለቅን። እትዬ አበራሽ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ወገባቸው ላይ ሸጎጡ።

“ሃያ አራት ዓመት የሰው ወለል ስወለውል ኖሬ፣ ዛሬ ለማቆሸሽ መጣሁ” አሉ።

“እትዬ፣ ለመሆኑ ኮንትራት አለዎት?” አለ ዘመንፈስቅዱስ።

“ዝም ብለህ እርገጥ፣ አንተ ፒሳ አመላላሽ!”

ጭቃው ውስጥ ገብተን ክብ ሠራን። ዘመንፈስቅዱስ ወዲያው ግጥም አወጣ፦

“ልጄ ሮም ነው ብላ እናቴ ስትኮራ፣
ጭቃ እረግጣለሁ ከአሸብር ጋራ።”

ሲኒት ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ በፊት ድምፅዋን የሰማሁት አይመስለኝም። ጋሽ አሸብር ደግሞ ሌላ ሰው ሆኖ ነበር። ደረጃችን ላይ ግድግዳውን ታክኮ የሚያልፈው ሰው እዚህ መሐል ላይ ቆሞ ያዛል። “ከታች ጀምሩ! ሸምበቆው መሐል በደንብ ይግባ! መዳፍሽን ዘርጊው፣ በጣትሽ አትጫሪው!” እየጮኸ ጭቃውን በእጁ እየዘገነ ሲወረውረው፣ እያንዳንዱ እፍኝ የተባለበት ቦታ ላይ ጧ ብሎ ይለጠፋል።

“አንተ አሸብር” አሉት እትዬ አበራሽ፣ “ግንበኛ ነኝ አላልክም ነበር?”

“ዋሽቼ ነው፣ እትዬ።”

ሁላችንም ሳቅን፤ እሱም አብሮን ሳቀ። በለሷ ዛፍ ሥር ከማለዳው ያሰናዳው ምሳ በፎጣ ተሸፍኖ ተቀምጦ ነበር። ሦስቱን ግድግዳ ጨርሰን አራተኛውን እኩሌታ ካደረስን በኋላ እንበላለን ተባባልን።

በአምስት ሰዓት ገደማ ጂኦሜትራው መጣ። ቅዳሜ አይመጣም ነበር። ከወዲያኛው መደብ ላይ ቲማቲም የሚኮተኩት አንድ ሽማግሌ ዘፈኑን ሰምቶ፣ ስደተኞች ቦታውን ያዙት ብሎ ደውሎለት ኖሯል። ሮጦ ስለመጣ ያለከልካል። ስልኩ እጁ ላይ ነው። በባዶ እግራችን፣ ያለ ቆብ፣ ያለ ጓንት፣ እስከ ጉልበታችን ጭቃ ለብሰን ቆመናል።

“እነዚህ እነማን ናቸው?” አለ በጣሊያንኛ። “አንተ ነህ ያመጣሃቸው? እየሠሩልህ ነው? ወይስ ሰብረው የገቡ ናቸው? ካራቢኔሪ ልጥራ?”

ጋሽ አሸብር ዞረ። ሁለቱ እጆቹ ጭቃ እንደዘገኑ ናቸው። አንድ ጊዜ ወደ እኛ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጂኦሜትራው አየ። ኮንትራቷ በደረት ኪሱ ውስጥ እንደነበረች አውቃለሁ።

“አላውቃቸውም” አለ። “ራሳቸው ናቸው የገቡት።”

ሁላችንም ሰማን። የሲኒት ጣሊያንኛ ብቻ ገና ነበር፤ ከተባለው ሁሉ የገባት ካራቢኔሪ፣ ፖሊስ፣ የሚለው ቃል ነው። የያዘችውን ጭቃ ጣለች፤ በባዶ እግሯ ወንዙ ዳር ወዳለው ሸምበቆ ሮጣ ገባች።

ጂኦሜትራው ስልኩን ወደ ጆሮው ማንሳት ሲጀምር እትዬ አበራሽ ወደ ፊት ወጡ።

“ሰውዬው እውነቱን ነው፣ ሲኞሬ” አሉት በዚያ በሚያምር ጣሊያንኛቸው። “አያውቀንም። ስናልፍ ጭቃ አየንና ልጅነታችን መጥቶብን ገባን። ይቅርታ ያድርጉልን፣ አሁን እንወጣለን።” ከዚያ ወደ እኛ ዞረው በአማርኛ “ጫማችሁን ልበሱ” አሉ። ጋሽ አሸብርን አላዩትም።

ለጂኦሜትራው የሚገባውን ቃል ከዚያ ሁሉ ሰው ይልቅ ማግኘት የሚቀለው ለእኔ ነበር። ደቦ ምን እንደሆነ ላስረዳው እችል ነበር። ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ስለ ቃላት ስነጋገር የምውል ሰው፣ ያን ቀን የጫማዬን ማሰሪያ ሳጠብቅ ቆየሁ።

ሳንበላ ሄድን። ደቦ ጠርቶ ሳያበሉ መስደድ አገር ቤት ቢሆን ሰውየው መንደሩን የሚለቅበት ነገር ነው። በሜትሮው ውስጥ ጭቃው እግራችን ላይ እየደረቀ ቆዳችንን ይጎትት ነበር። ሲኒት ስልኳ ተዘግቶ ነበር። አመሻሽ ላይ ለእትዬ አበራሽ ደወለች፤ እስከ አሥር ሰዓት ሸምበቆው ውስጥ ቁጭ ብላ ነበር የቆየችው። ጋሽ አሸብር በዚያው ሰዓት፣ ሃምሳ እርምጃ ርቆ፣ ለብቻው አራተኛውን ግድግዳ ይመርግ ነበር። መኖሯን አያውቅም። እሷ ግን ጭቃው ግድግዳው ላይ ሲያርፍ ትሰማዋለች።

ሰኞ ጠዋት ጋሽ አሸብር ጂኦሜትራው ዘንድ ሄዶ “ዋሽቻለሁ፤ የጠራኋቸው እኔ ነኝ” ሊለው ነበር ሐሳቡ። ሰውየው አላስጨረሰውም። ትከሻውን መታ መታ አደረገና፣ “አውቃለሁ” አለው። “አውቃቸዋለሁ ብትል ኖሮ ሪፖርት መጻፍ ነበረብኝ፤ ውልህም ይፈርስ ነበር። ቡራቮ፣ ጥሩ መለስክ።”

“ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር” አለኝ ጋሽ አሸብር ማታውኑ ደረጃው ላይ። “ቡራቮ አለኝ እኮ! ቡራቮ!” ቃሉን ሊተፋው የፈለገ ይመስል ነበር።

በሳምንቱ ቪያ ቮልቱርኖ በሚባለው መንገድ ላይ ወዳለው የአበሻ ምግብ ቤት ገባ። ዘመንፈስቅዱስ ከነጓደኞቹ ተቀምጦ ነበር። ብድግ ብሎ፣ እጁን በአክብሮት ዘርግቶ፣

“ዘመንፈስቅዱስ እባላለሁ” አለ። “ማን ልበል?”

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ጋሽ አሸብር የተዘረጋውን እጅ ጨበጠ። ከዚያ ሳይቀመጥ ወጣ። አንድ ወር ሙሉ ቤተ ክርስቲያን አልመጣም፤ ለማንም አልደወለም፤ ደረጃችንን ሰው ሳይነሳ ማለዳ አጽድቶ ይገባል።

ሰኔ ላይ ፔርሜሶው ታደሰለት። ደስ እንዲለው ጠብቄ ነበር። ፕላስቲኳን ካርድ አሳየኝና፣ “እትዬ አበራሽ ጋ ውሰጂኝ” አለኝ።

ሐሙስ ከሰዓት የእትዬ አበራሽ እረፍት ነው። ከሚሠሩበት ቤት አጠገብ ካለች መናፈሻ አግዳሚ ላይ አገኘናቸው። እግራቸው ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል ክንዱን ያዙት።

“ተው፣ ሰው ያያል። ፔርሜሶህ ወጣ?”

“ወጣ።”

“እሰይ። እኔም እንዲያ ያልኩት ለሱ ነው።” ክንዱን ለቀቁት። “አላውቃቸውም በማለትህ አይደለም የተቆጣሁት። ፈርተህ ነው፣ እኔም ብሆን ልለው እችላለሁ። ከዚያ ወዲህ ግን የት ነበርክ? ስልክ የለህም?”

“አፍሬ ነው፣ እትዬ።”

“ሀፍረትህን ይዘህ ምድር ቤት ገባህ፣ እኛስ ምን ይዘን እንግባ?” አሉ። “ስማኝ። ደቦ ጠርተህ ሠርተንልሃል። ለሰባታችንም አንድ አንድ ቀን አለብህ። ሳንጠራህ እየመጣህ ሥራ።”

በሚቀጥለው ቅዳሜ ጀመረ። እትዬ አበራሽ በተከራዩት ክፍል ውስጥ ርጥበት የበላውን ግድግዳ ፍቆ በኖራ ቀባ። ለዘመንፈስቅዱስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን አምስተኛ ፎቅ ድረስ ተሸክሞ አወጣ። ዘመንፈስቅዱስ ከኋላው በባዶ እጁ እየተከተለ “በርታ ሲኞር፣ አንድ ፎቅ ነው የቀረህ፣ ስምህን ግን አልነገርከኝም” ሲለው ዋለ፤ ሲጨርሱ ግን ቁጭ አድርጎ አበላው። ሦስቱን የቤተ ክርስቲያን ሰዎችም እንዲሁ አዳረሰ። እኔ ዘንድ ሲመጣ ምንም የሚሠራ የለም አልኩት።

“አትከልክዪኝ” አለኝ። የተዛነፈ መስኮቴን ነቅሎ አስተካከለው። እያየሁት ቆይቼ፣ ያን ቀን መናገር ስችል ዝም ማለቴን ነገርኩት።

“ዝም ስትዪ ሰምቼሻለሁ” አለ ቀና ሳይል። የመስኮቱን ማጠፊያ ዘይት ቀባው።

የቀረችው ሲኒት ናት። ከዚያ ቀን ወዲህ ሰው መሐል መምጣት ትታለች። ሦስት ቅዳሜ ሴንትሮው በር ላይ ሄዶ አስጠራት፤ አልወጣችም። በአራተኛው አብሬው ሄድኩ። ወጣች። የብረቱ በር መሐላችን ነው፤ ግቡም ሂዱም አላለችንም።

“አንድ ቀን ሥራ አለብኝ” አላት ጋሽ አሸብር። “ያሻሽን ንገሪኝ፣ እሠራለሁ።”

“ምን ትሠራልኛለህ?” አለች። በእውነት ነበር የጠየቀችው። “አንድ ክፍል ውስጥ ስድስት ነን። ግድግዳው ላይ ምስማር መምታት ክልክል ነው። ፎቶ መለጠፍም ክልክል ነው። የኔ የምለው አንድ ክንድ ግድግዳ የለኝም እኮ። ምኑን ነው የምትመርግልኝ?”

ጋሽ አሸብር ስድስት ቤት ሲያዳርስ ይህች ሰባተኛዋ ቤት እንደሌላት አላሰበም ነበር። እኔም አላሰብኩም።

“ካራቢኔሪ መስሎኝ ሮጥኩ” አለች ሲኒት። “ምን እንዳልከው የነገሩኝ በማግስቱ ነው። ከአገሬ ከወጣሁ ወዲህ ስንት ሰው ጠርቶኛል፤ ለቃለ መጠይቅ፣ ለአሻራ፣ ለምግብ ሰልፍ። ጎረቤት ብሎ ለደቦ የጠራኝ አንተ ብቻ ነህ። ስትጠራኝ ክፍላችን ላሉት ሁሉ አውርቼ ነበር፤ እዚህ አገር ሰው አለኝ ብዬ። ሰኞ ‘ደቦው እንዴት ነበር?’ ብለው ጠየቁኝ።”

“ምን አልሻቸው?” አላት።

“ጥሩ ነበር አልኳቸው።”

ከውስጥ አንድ ጠባቂ መኖራቸውን የሚፈርሙበት ሰዓት ደረሰ ብሎ ጠራት። ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች።

“ቤት ካገኘሁ እጠራህ ይሆናል” አለችው። “ላልጠራህም እችላለሁ። ቁርጥ አድርጌ አልነግርህም።”

አውቶቡሱ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን። መዳፎቹን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ሲያያቸው ቆየ።

ይህ ከሆነ ዓመት አልፎታል። የጋሽ አሸብር እጅ ታውቆ፣ ጭቃ ቤት መሥራት የሚፈልጉ ጣሊያኖች ከሩቅ ይደውሉለታል። ቅዳሜ እንዲሠራላቸው ሲጠይቁት እምቢ ይላል። ምክንያቱን ሲጠይቁት፣ ሥራ አለብኝ ይላቸዋል። ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ተነስቶ የሥራ ልብሱን ይለብሳል፤ ምድር ቤቱ በር ላይ ስልኩን ይዞ ይቀመጣል።